የአዋላጇ መንገድ

እኔ ስም ለጣፊ ነበርኩ። ካርታ ቤት ውስጥ እንዲህ የሚባል ሥራ ነበር፤ ዛሬ የለም። የቦታ ስሞች በስስ ፕላስቲክ ላይ ታትመው ይመጡልኛል፤ እኔ በምላጭ እየቆረጥኩ ካርታው ላይ በየቦታቸው እለጥፋለሁ። ተራራውን፣ ወንዙን፣ መንደሩን። እጄ ትንሽ ከሳተ አንዱ ተራራ ስሙን ያጣል፣ ጎረቤቱ በማያውቀው ስም ይጠራል። የኔ ሥራ ይህን ያህል ነው። መስመሩን የምትስለው እሷ ነበረች።

ጠረጴዛችን አንድ ነበር፤ እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። ላዩ ወተት የመሰለ መስታወት፣ ከሥሩ መብራት። ከታች በሚመጣው ብርሃን ፊታችን እየነጣ አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጠንበታል። ከቤቴ ሰው ይልቅ የሷን ፊት አይቻለሁ ብል ባለቤቴ ራሷ አትከራከረኝም። መሥሪያ ቤቱ «ሚሊሜትር» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የመጋዘኑ ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን የተላከላትን ወረቀት በዓይኗ ብቻ አይታ «ይሄ አንድ ሚሊሜትር ይጎድለዋል» ብላ መለሰችለት፤ እልህ ይዞት ቢለካው እውነቷን ሆነ። ከዚያ ወዲያ አባቷ ያወጣላትን ስም የምናየው የሰዓት ፊርማ መዝገቡ ላይ ብቻ ነው።

ስትስል ትንፋሿን ትይዛለች። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ስታሳርፍ ደረቷ ቀጥ ይላል፤ መስመሩ ሲያልቅ ትተነፍሳለች። እኔም ሳላውቀው አብሬያት መያዝ ለምጄ ነበር። ረጅም ወንዝ የምትስል ቀን ሁለታችንም ደክሞን ነው የምንወጣው።

የመጣችው ከዳር ነው፣ ከድንበር መንደር። እናቷ የሞተችው እሷ በሰባት ዓመቷ ሲሆን ያሳደገቻት በአሥራ ሦስት ዓመት የምትበልጣት እህቷ ናት። እህቷ ፊደል አልቆጠረችም። «እኔ የሁለታችንንም ሥራ እሠራለሁ፣ አንቺ የሁለታችንንም ትምህርት ተማሪ» ብላ ከተማ ላከቻት። ስለ እህቷ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ሰው እንደተኛ። «እትዬ እንዲህ አለች» ካለች በኋላ በዚያ ጉዳይ ክርክር የለም።

የመንደሩ አቀማመጥ እንዲህ ነው። ከሰሜን አንድ ወንዝ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ። መንደሩ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈልና፣ አንድ ረጅም ቁራጭ መሬት መሐል አስገብቶ፣ ወደ ታች ወርዶ መልሶ ይገናኛል። ያን ቁራጭ መሬት ሰዉ «ምላስ» ይለዋል፣ መልኩ ምላስ ስለሚመስል። የእህቷ ቤት ከወንዙ ምሥራቅ፣ ከምላሱ ፊት ለፊት ነው። ምላሱ ላይ ደግሞ የሁሉም የውሃ ጉድጓድ፣ የሁሉም መቃብርና ሃያ የሚሆኑ ቤቶች አሉ። ከሃያዎቹ አንዱ በኋላ የእህቷ ልጅ ያገባችበት ቤት ነው። የጥንቱ ስምምነት «ድንበሩ ዋናውን የወንዙን ክንድ ተከትሎ ይሄዳል» ይላል። ዋናው የምዕራቡ ከሆነ ምላሱ የኛ ነው፤ የምሥራቁ ከሆነ የጎረቤት አገር ነው። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

የዚያ አካባቢ ካርታ ተራ ደርሶት ጠረጴዛዋ ላይ ሲመጣ መሥሪያ ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ቋሚ ቅጥሯ ገና አልጸደቀም ነበር። ይህን ለማመካኛ አልናገርም፤ እሷም አመካኝታበት አታውቅም። ከካርታው ጋር ሁለት ነገር መጣ። አንዱ ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶግራፍ፣ ሌላው የቀያሹ የመስክ መዝገብ። ቀያሹ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፤ በእግራቸው ሄደው፣ ሰው ጠይቀው፣ «ዋናው ክንድ የምዕራቡ ነው፤ ጠባብ ቢሆንም ጥልቅ ነው፣ ውሃ የሚሄድበትም እሱ ነው» ብለው በሰማያዊ እርሳስ ጽፈዋል። እኔም አንብቤዋለሁ። ፎቶው ላይ ግን የምሥራቁ ክንድ ሰፊና ነጭ ሆኖ ይታያል።

የክፍል ኃላፊያችን ሰፊውን እንድትከተል አዘዛት።

«ይሄ እኮ አሸዋ ነው» አለችው። «ዝናብ ጥሎ ራሱ ውሃ አይይዝም። ቀያሹም የጻፉት ሌላ ነው።»

«ቀያሹ በእግራቸው ነው የሄዱት። ይሄ ከሰማይ የተነሳ ነው።»

«እኔም በእግሬ ነው የማውቀው። እዚያ ነው የተወለድኩት።»

«ለዚያ ነው የማላምንሽ» አለ፣ ሳይቆጣ። «የተወለደበትን አገር የሚስል ሰው እጁ ያዳላል። ሰፊውን ተከተይ። ደግሞ ለጊዜው ነው፤ አንድ ቀን ኮሚሽን ሲቋቋም ይስተካከላል።»

በዕድሜዬ ካየሁት ነገር ሁሉ እንደ «ለጊዜው» ዕድሜ ያለው አላየሁም።

ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ ብዕሩን ይዛ ተቀመጠች። እኔ ቀና ብዬ አየኋት፣ እሷ አላየችኝም። ከምሳ በኋላ ትንፋሿን ያዘችና ሳለችው። አንድ መስቀል፣ ሁለት ነጥብ፣ አንድ መስቀል፣ ሁለት ነጥብ፤ የድንበር ምልክት እንዲህ ነው። በሰፊው አሸዋ ላይ ወርዶ ምላሱን ወደዚያ ማዶ አደረገው። ጥጉ ላይ «ነዳፊ» ከሚለው አጠገብ የስሟን ሁለት ፊደላት አኖረች። ከዚያ ወደኔ ገፋችው። እኔም የጎረቤቱን አገር ስም ፊደል በፊደል ዘርግቼ ስለጥፍ፣ የመጨረሻዋ ፊደል ምላሱ ላይ አረፈች። ቦታው ክፍት ስለነበር አማረች።

አሥራ አንድ ዓመት ምንም አልሆነም። ካርታ መሳቢያ ውስጥ ሲተኛ ማንንም አይነካም። የመንደሩ ሴቶች እንደ ወትሮው ተሻግረው ውሃ ቀዱ፣ ሰው ሲሞት ተሻግረው ቀበሩ፣ ልጃገረድ ተሻግራ ተዳረች። እሷ በየዓመቱ እህቷ ጋ ሄዳ ትመለሳለች። አንዴ «ለእትዬ ነገርሻት?» ብያት «ወረቀት እኮ ነው» አለችኝ። እኔም ወረቀት ነው ብዬ ነበር የምኖረው።

ከዚያ ጦርነት ሆነ። ጦርነቱ በዚያ መንደር በኩል አላለፈም፤ ጉዳት ያመጣባቸው ሰላሙ ነው። ሁለቱ መንግሥታት ሲታረቁ ኮሚሽን አቋቋሙ፣ ኮሚሽኑም ሰነድ ጠየቀ። የጎረቤት ሰዎች የኛን ካርታ ይዘው ቀረቡ። የራሳችሁ መሥሪያ ቤት ያሳተመው፣ የራሳችሁ ማኅተም ያለበት፣ ምላሱ የኛ ነው የሚል፤ ምን ትላላችሁ አሉ። የኛዎቹ ደክሟቸው ነበር። ለአንድ ቁራጭ መሬት ተብሎ እርቅ አይፈርስም ተባለና ተፈረመ። በስድስት ወሩ የሲሚንቶ ምልክት ቆመ፣ በዓመቱ ሽቦ ተዘረጋ።

እህቷ መሥሪያ ቤት ድረስ ስልክ ደወለች። ስልኩ የነበረው በኛ ክፍል መሐል ስለሆነ የእህትየዋ ድምፅ ለሁላችንም ይሰማል።

«ውሃችንን አጠሩት» አለች። «እናታችንም ወዲያ ናት። አንቺ የካርታ ሰው አይደለሽ? ማን እንዲህ እንዳደረገ ጠይቂልን እስቲ።»

«እሺ እትዬ፣ እጠይቃለሁ» አለች። ስልኩን ዘጋችና ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ እስከ መውጫ ሰዓት አንድ መስመር ሳትስል ተቀመጠች።

በማግሥቱ ኃላፊው ጋ ገባች። በዚያን ጊዜ ዳይሬክተር ሆኗል፤ ስህተት ሰውን ከፍ ሲያደርግ አይቻለሁ። ካርታው ይታረም ብላ ጠየቀችው።

«ካርታው በሁለት መንግሥታት ጸድቋል» አላት። «ከእንግዲህ ስህተት ያለበት መሬቱ ነው።» ቀልድ ነበር፣ ራሱ ሳቀበት።

«የቀያሹ መዝገብ አለ። እሱ ይታይ።»

«ሕንፃው ሲታደስ ጠፍቷል። ከፈለግሽ መዝገብ ቤት ጠይቂ።» ከዚያ አዘነላት መሰለኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። «ስሚኝ፣ ኮሚሽኑ ለሰዉ የመተላለፊያ በር ሊከፍት እያጠና ነው። የት ቢከፈት ይሻላል የሚል ማስረጃ ካለ ይቀበላሉ። አንቺ አካባቢውን ታውቂያለሽ። አሳዪያቸዋ።»

እንዲህ ሲላት ነፍሷ መለስ አለች። የዓመት ዕረፍቷን ወሰደች፤ ጀርባቸው ባዶ የሆነ አራት አሮጌ ካርታዎች ጎን ለጎን አጣብቃ፣ ጠቅልላ፣ ብዕሮቿን በካልሲ ውስጥ ከታ ሄደች።

እዚያ የሆነውን በኋላ ራሷ ነው የነገረችኝ። ሰዉን እህቷ ቤት ደጃፍ ላይ ሰበሰበች። ወረቀት ቢዘረጋላቸው ዝም አሉ፣ ስለዚህ መሬት ላይ በአመድ እንስላለን አለቻቸው። በአመድ ሲሆን ሁሉም አፍ አወጣ። ጉድጓዱን የቆፈሩት ሽማግሌ ጉድጓዱን በጣሳ ክዳን አኖሩት። ሴቶቹ ሽቦውን በገመድ ዘረጉት፣ አንዷ ገመዱን በእግሯ ረገጥ ረገጥ ስታደርገው ሳቁ። ከሽቦው በኋላም ሰዉ መሻገሩን አላቆመም ነበር። ወደ ወንዙ በሚወርደው ሸለቆ ውስጥ፣ ከቁጥቋጦ ሥር፣ ድንጋይ ለድንጋይ ሰባት መንገድ አበጅቷል። ሽቦው የሚላላበትን፣ ጠባቂው የማይታይበትን ያውቃሉ። መንገዶቹን በሰዉ ነው የሚጠሩት። የውሃ ቀጂዎቹ፣ የሽማግሌው፣ የቀባሪዎች፣ የነጋዴዋ። በጣም ጥሩው፣ ነፍሰ ጡር እንኳን የምትሄድበት ለስላሳው፣ የአዋላጇ መንገድ ይባላል።

አዋላጇ መንደሩንና ምላሱን ያዋለዱ ትልቅ ሴት ናቸው። የእሳቸው መንገድ ተራ ሲደርስ አመዱን እጃቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ መናገር ደግ ነው ትያለሽ?» አሉ።

«ደግ ነው እማማ። የምትሄዱበትን ካላወቁ በሩን የት ይከፍቱታል?»

«ከከፈቱት ነው እንጂ። እኛን አሁን ያኖረን እኮ አለመታወቃችን ነው።»

«ያልተጻፈ ነገር ለነሱ እንደሌለ ነው» አለቻቸው። «ጉድጓዳችሁም መቃብራችሁም ካርታው ላይ ስላልነበረ ነው የሄደው። አሁን ሁሉም ይጻፍና ያዩታል፤ ሰው እንዳለ ያውቃሉ።»

አዋላጇ እህቷን አዩዋት። እህቷ «የተማረችው እሷ ናት» አለች። አዋላጇም ጎንበስ ብለው መንገዳቸውን በአመድ አሰመሩት። እሷም በአመድ የተሳለውን ሁሉ ወደ ወረቀቷ ገለበጠችው።

የዚያኑ ዕለት፣ ሰዉ ሲበተን፣ እህቷ «ያንን የመጀመሪያውን ካርታ የሳለውን ሰው ታውቂው ይሆን?» አለቻት። «አይ፣ ድሮ ነው እትዬ» አለች። ይህን ስትነግረኝ መስኮት መስኮቱን ነበር የምታየው።

ይዛ የመጣችው ካርታ በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ የበለጠ ነበር። የከፍታ መስመር የለውም፣ መለኪያ የለውም፣ ግን ሰው ይኖርበታል። ማን ከማን ጋር እንደተጋባ በቀጭን ክር ተያይዟል። ሕፃናት የተቀበሩበት ጥግ ለብቻው ተከልሏል። ሰባቱ መንገዶች ከነስማቸው አሉ። ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ ቆሞ አጨበጨበላት አሉ። «እንዲህ ያለ ሥራ አይተን አናውቅም» ብለው አመሰገኗት። እሷ ቸኩላ ወደ መሥሪያ ቤት ተመልሳ ስታጫውተኝ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ጥርሷን አየሁት።

በሳምንቱ ዳይሬክተሩ እኔን ጠራኝ። ከዚያ ካርታ ላይ ንጹህ ቅጂ አውጣ አለኝ። «ጋብቻውን ተወው፣ መቃብሩንም ተወው። መንገዶቹንና ሽቦውን ብቻ። በመለኪያ።» ሰባቱን መንገዶች በቀይ ነጠብጣብ አወጣኋቸው። በአየር ፎቶው አስተያየሁና በትክክለኛው ቦታቸው አስቀመጥኳቸው። ስሞቻቸውን አሳትሜ ለጠፍኩ። ሦስት ቅጂ ታዘዘ፤ አንዱ ለኮሚሽኑ፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት። ሦስተኛው ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ያልጠየቅሁት ሳይገባኝ ቀርቶ አልነበረም። ለሷም አልነገርኳትም።

ወር ሳይሞላ መንገዶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ሸለቆው ተቆፈረ፣ ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ በየአፋቸው ጠባቂ ተቀመጠ። በሩም ተከፈተ፣ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ከመንደሩ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ትልቁ መንገድ ዳር፣ በሳምንት ሁለት ቀን።

የእህቷ ልጅ ምላሱ ላይ ናት፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ደርሷል። ምጥ የያዛት ማለዳ ላይ ነው፤ ባሏ ሽቦው ዳር ቆሞ ተጣራ። አዋላጇ ዕቃቸውን ይዘው በመንገዳቸው ወረዱ። ሸለቆው አፍ ላይ አንድ ወጣት ወታደር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ብድግ አለላቸው።

«እማማ፣ ይሄ የአዋላጇ መንገድ ነው አይደል?» አላቸው። «ዝግ ነው። በበሩ በኩል ይሂዱ።»

አዋላጇ ደንግጠው ቆሙ። ያንን ስም ከመንደሩ ውጭ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጉልበቱ ላይ የታጠፈ ወረቀት አዩ። ማንበብ ባይችሉም ቅርጹን ለዩት፤ በገዛ እጃቸው ያሰመሩት ነው።

ለመኑት፣ ደግመው ለመኑት፣ ወታደሩ አለቃ አለብኝ አለ። የጭነት መኪና ለምነው በሩ ጋ ሲደርሱ ቀኑ በር የሚከፈትበት አልነበረም። ምላሱ ላይ የእህቷ ልጅ በጎረቤት ሴቶች እጅ ወለደች፤ እሷ ተረፈች፣ ሕፃኑ አልተረፈም። እትዬዋ ከዚህ ማዶ ቤቷ ደጃፍ ቆማ የሰዎቹን ወዲያና ወዲህ ማለት ስታይ ዋለች። የልጅ ልጇን ሲቀብሩም ያየችው ከዚያው ቆማ ነው። ሩቅ ስለሆነ ማን ማን እንደሆነ አልለየችም።

ወሬው ሲደርሳት እኔ ፊት ለፊቷ ነበርኩ። ስልኩን ሰምታ ስትጨርስ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ስሞቹን ማን ለጠፋቸው?» አለችኝ።

«እኔ።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

እህቷን ደጃፏ ላይ ጆንያ ስትጠቅም አገኘቻት። ሰላምታ ሳትጨርስ ተናገረች።

«እትዬ፣ ካርታውን የሳልኩት እኔ ነኝ።»

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም።»

እህቷ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክታ ተወችው። «ያኔ እምቢ ብትያቸው ምን ያደርጉሽ ነበር?» አለች።

«ከሥራ ያስወጡኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሌላ ሰው ይስለው ነበር።»

«ሌላ ሰው ቢስለው እረግመው ነበር፤ ቀለል ይለኝ ነበር» አለች። «እኔ ግን ሌላ ሰው አላሳደግኩም።» ከዚያ መርፌውን መልሳ ያዘች። «በይ ተነሺ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ።»

ተመልሳ መጥታ አራት ገጽ ጻፈች። ምላሱ እንዴት እንደተሳለ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ቀያሹ ምን ጽፈው እንደነበር፣ ሁለተኛው ካርታ ለማን እንደተሰጠ። ዳይሬክተሩ አነበበውና «ይህን ካስገባሽ የተሳሳተ ሰነድ አዘጋጅተሻል ተብለሽ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ» አላት። «ጥጉ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው።» አስገባችው። እንዳላትም ሆነ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰበሰበ፣ እኔ ምስክር ሆኜ ተጠራሁ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ «የቀያሹን መዝገብ አይተኸዋል?» አለኝ።

ሰማያዊው እርሳስ ዓይኔ ላይ ነበር። ጡረታ ልወጣ ስድስት ዓመት ቀርቶኛል፣ አራት ልጆች አሉኝ። «አላስታውስም» አልኩ። እሷ ከጎኔ ተቀምጣለች። ዞራ አላየችኝም፣ የተገረመችም አልመሰለኝም። ስትወጣ ግን በሩን ለኔ ያዘችልኝ፤ ያ ነው እስካሁን የሚቆረቁረኝ።

አሰናበቷት። ከኮሚሽኑም መልስ መጣ፣ ሁለት መስመር፤ ጉዳዩ የተዘጋ ስለሆነ ለትብብርዎ እናመሰግናለን ይላል።

ጡረታ ወጥቼ በዓመቱ ሄጄ ጠየቅኋት። የመንደሩ ሰው ቤት አላከራይም ስላላት በሩ ያለበት ከተማ ውስጥ ትኖራለች። ከተማ ካሉት ነው፤ አንድ ጎዳና፣ በሁለት ወገን የቆርቆሮ ሱቅ፣ መጨረሻው ላይ በሩና የጉምሩኩ ቢሮ። ከቢሮው ግድግዳ ሥር፣ በጃንጥላ ጥላ፣ ማመልከቻ ትጽፋለች። ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለመታከም፣ ለመቅበር መሻገር የሚፈልግ ሰው ቅጽ መሙላት አለበት፤ አብዛኛው አይጽፍም። ቅጹ ጀርባ ላይ «የሚሄዱበት ቦታ ንድፍ» የሚል ባዶ ሣጥን አለ። ሌሎቹ ጸሐፊዎች መንገዱን፣ ቤቱን፣ ዛፉን ይስሉበታል። እሷ «አይታወቅም» ብላ ትጽፍበታለች። አንዳንዴ ለዚህ ብለው ይመልሱባታል፤ መልሳ ያንኑ ጽፋ ትልካለች።

አጠገቧ ያለው የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ለይቅርታ ነበር የሄድኩት፣ በመኪናው ላይ ቃላቱን ደርድሬ ነበር። ጀመርኩና ተንተባተብኩ። አስጨረሰችኝ፤ ከዚያ «አንተ ባትለጥፈው ሌላ ሰው ይለጥፈው ነበር» አለችኝ። ይህ ቃል ከየት እንደመጣ ስለማውቅ፣ ይቅርታ እንዳልሆነም አወቅሁ።

«እትዬስ?» አልኳት።

«መጥታ ነበር» አለች።

የመቃብር መጎብኚያ ፈቃድ ለአንድ ሰው በዓመት አንዴ ይሰጣል። እህቷ ያንን ልትጠይቅ ሠላሳውን ኪሎ ሜትር በእግርም በመኪናም መጣች። ወትሮ የሚጽፍላት ጫፉ ላይ ያለው ሽማግሌ ነው፤ ያን ቀን ታሞ ቀርቷል። ሌሎቹ ጋ ሰልፍ ነበር። እህቷ ትንሽ ቆመች፣ ፀሐዩን አየች፣ ከዚያ መጥታ እሷ ፊት ያለው መቀመጫ ላይ ተቀመጠች።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች። ለብዙ ሰው የሚባለውን።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ቅጹን አወጣች። የአመልካች ስም የሚለውን ሳትጠይቃት ጻፈች። የሟች ስም የሚለው ጋ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ።

«ስም አልወጣለትም» አለች እህቷ። «ሳይወጣለት ነው የሄደው።»

«ምን ልበል?»

«የልጄ ልጅ በይ።»

እንደዚያ ጻፈች። ዝምድና የሚለው ጋ እህቷ «አያት» አለች። የሚሄዱበት ቦታ ንድፍ የሚለው ጋ እሷ «አይታወቅም» ብላ ጻፈች። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ለማሳረፍ የእህቷን እጅ ያዘች፤ ሌላ አመልካችም ሲሆን እንዲሁ ነው የሚደረገው። እጇ ሸካራ ነበር፣ ሞቃት ነበር አለችኝ። ጣቷን በጨርቅ ጠርጋ ወረቀቱን ሰጠቻት።

እህቷ ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ከተተችው። «ተባረኪ» አለች፣ ሰው ለጸሐፊ እንደሚለው፤ ተነሥታም በበሩ በኩል ያለው ሰልፍ ላይ ተሰለፈች።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያ ሌላ ሰው ተቀመጠ» አለችኝ።